ጀፎረና የድኃ ልጅ ፈረስ

ከአዲስ አበባ የጅማን መንገድ ይዞ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወልቂጤ የደረሰ፣ ወይም በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ ታጥፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ቡታጅራ የገባ መንገደኛ፣ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ወደ ገጠሩ በዘለቀ ጊዜ፣ ከእንሰቱ ጥላና ከጎጆው ክዳን አስቀድሞ ዓይኑን የሚይዘው በቤቶቹ መካከል የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ይህንም ሜዳ የአገሩ ሰው ጀፎረ ይለዋል። ቤቶቹ በግራና በቀኝ በሁለት ረድፍ ቆመው ደጃፋቸውን ወደ ጀፎረው መልሰዋል፤ የእያንዳንዱ አባወራ የእንሰት ማሳ በቤቱ ጓሮ ነው፤ ጀፎረው ግን የሁሉም እንጂ የማንም አባወራ አይደለም። በአንዳንዱ መንደር ወርዱ ከ50 ሜትር የሚበልጠው፣ ርዝመቱም ከመንደር ወደ መንደር እየተቀጣጠለ የሚሄደው ይህ ሜዳ፣ ሙሽራ የሚሸኝበት፣ አስከሬን የሚያልፍበት፣ ሽማግሌዎች ለዳኝነት የሚቀመጡበት፣ ጥጃ የሚግጥበት፣ በበዓለ መስቀል ደመራ የሚደመርበት፣ ለዚህም ሐተታ ምክንያት የሆነን ፈረስ የሚጋለብበት ቦታ ሆኖ ኖሯል።

በዛሬው ዘመን በልዩ ልዩ አገር ወላጆቻቸው ድኆች የሆኑባቸውን ወጣቶች ፈረስ ግልቢያ ለማስተማር የሚተጉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በጉራጌ ምድር ይህን የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ሊመለከተው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ የዚህ አገር አበው ለልጆቻቸው ግልቢያ ከሚያስፈልገው ወጪ ትልቁን፣ ማለት መሬቱን፣ ከብዙ ትውልድ በፊት ከፍለው የጨረሱ መሆናቸው ነው። ሕዝቡ በተጨናነቀበት፣ አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው ማሳ ከዓመት ወደ ዓመት በሚያንስበት፣ ጥቂት ክንድ መሬት እንኳ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቆጮ የሚሆን እንሰት በሚይዝበት ደጋ፣ ይህን የሚያህል ሜዳ ሳይታረስና ሳይታጠር ለሁሉ ይሁን ብሎ መተው ከባድ ስጦታ ነው። ስጦታውም በሕግ የተጠበቀ ነበር፤ የሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ቂጫው፣ ክስታኔ የሚባለውም የጉራጌ ወገን በጎርደና ሴራው እንደሚዳኙ የታወቀ ሲሆን፣ ጀፎረን ገፍቶ ያጠረ ወይም ያረሰ ሰው በአገር ሽማግሌ ፊት ቀርቦ አጥሩን እንዲያነሣ ይገደድ፣ ለበደሉም ካሣ ይከፍል ነበር።

ፈረስ በዚህ አገር ከመቼ ጀምሮ እንደ ኖረ ዓመቱን ለይቶ መናገር አይቻልም፤ የግራኝ አሕመድን ዘመቻ የሚተርከው ፉቱሕ አል ሐበሻ ግን በ16ኛው መቶ ዓመት ዘማቾቹ የጉራጌን አገር እንደ ረገጡ ይመሰክራል፤ የዚያን ጊዜ ጦርነት ደግሞ የመስተጽዕናነ አፍራስ ጦርነት እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። የመሬቱም አቀማመጥ በራሱ ብዙ ይናገራል። ወደ ግቤ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው ዝንብ የሚኖርበት ስለ ሆነ ለጋማ ከብት አይመችም፤ ከፍ ብሎ ያለው የጉመርና የጌታ ደጋ ግን ብርድ ያለበት፣ ሣሩ የለመለመ፣ ገብስ የሚበቅልበት በመሆኑ ፈረስ ይስማማዋል። ስለዚህ በደጋው የተወለደ ልጅ ፈረስን የሚያውቀው ገና ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ ነው። ትልቁ የጉራጌ ቤት ከብቱንም ሰውንም በአንድ ጣራ ሥር የሚያሳድር ስለ ሆነ፣ ሌሊት በጋጡ በኩል የሚሰማው የፈረስ ትንፋሽና የሰኮናው ድምፅ ከልጁ እንቅልፍ ጋር አብሮ ያደገ ነው ማለት ይቻላል፤ ፋንድያውም ከከብቱ እበት ጋር ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄድና መሬቱን ያበለጽጋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግን ፈረስ ለዚህ አገር ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ከወልቂጤ አጠገብ ባለችው በቀቤና የተነሣው ሐሰን እንጃሞ የንጉሥ ምኒልክን ጦር ለብዙ ጊዜ ሲቋቋም ከኖረ በኋላ፣ በመጨረሻ የተሸነፈው ራስ ጎበና ዳጬ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ጥጉ፣ እየመሩ ባመጡት ፈረሰኛ ሠራዊት ነው። ከዚያ በፊት ክስታኔ በሰላም ገብሮ ስለ ነበር ጦርነቱ የከበደው በምዕራቡ ጉራጌ ላይ ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የሰፈሩት ነፍጠኞች፣ የተጣለውም ግብር፣ ገበሬው ፈረስ ለማሳደር የነበረውን ዐቅም እንዳደከመው መገመት አያዳግትም። ያም ሆኖ ከዚሁ መከራ መካከል ሁለት ሕፃናት ወጥተው በመላዋ ኢትዮጵያ በፈረስ ስም የሚጠሩ መኳንንት ሆነዋል፤ የእነርሱም ታሪክ ለተነሣንበት ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ስለ ሆነ ጥቂት መቆየት ይገባል።

የመጀመሪያው ባልቻ ሳፎ ነው። በጉራጌ ዘመቻ ጊዜ ገና ሕፃን ሳለ በጦርነቱ ቦታ ቆስሎ ተገኝቶ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንደ ተወሰደ ይተረካል፤ በዚያም አባት አልነበረውም፣ ርስት አልነበረውም፣ ወገን የሚሆነው ሰውም አልነበረውም። በቤተ መንግሥት አደገ፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ በመድፈኛነቱ ስሙ ተጠራ፣ ደጃዝማችነት ተሾመ፣ ሲዳሞንም ገዛ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ ደጃዝማች ባልቻ ከማለት ይልቅ በፈረስ ስሙ ባልቻ አባ ነፍሶ ሲል ይጠራዋል። ሁለተኛው ከጉራጌ ጋር በሚዋሰነው በጨቦ ተወልዶ እንዲሁ በልጅነቱ የተማረከው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው፤ እርሱም በፈረስ ስሙ አባ መቻል ተብሎ፣ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር ሆኖ፣ በ1919 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ከመንግሥቱ ምሰሶዎች አንዱ ሆኖ ኖረ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1961 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ፈረስ ስም ባወጡት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ይህ ልማድ ከነገሥታቱ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝና አባ ዳኘው ጀምሮ እስከ ጦር አለቆቹ ድረስ የተዘረጋ የክብር ሥርዐት ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ማንም ወገን የሌለው የተማረከ ልጅ እንኳ ፈረስና የሚያስተምረው ሰው ካገኘ ስሙ ከነገሥታቱ ስም ጋር በአንድ መዝገብ እስከ መጻፍ ሊደርስ እንደሚችል ነው። ይህን ዕድል ለእነዚያ ሁለት ልጆች የሰጠው ቤተ መንግሥቱ ነበር፤ በመንደር የቀሩት እኩዮቻቸው ግን በእጃቸው ያለው ጀፎረው ብቻ ነበር።

በመንደር ግልቢያን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ፈረስ የሌለው ቤት ልጅ ፈረስ ያለውን ጎረቤት ወይም ዘመድ ፈረስ ውሃ ሲያጠጣ፣ ሣር ሲያጭድለት፣ ከግጦሽ ሲመልሰው፣ ያለ ኮርቻ በባዶ ጀርባው ላይ እየተቀመጠ ይለምድ ነበር። ይህ በየአገሩ የኖረ የእረኛ ትምህርት ነው። ለጉልበቱ የሚከፈለው ገንዘብ የለም፤ ክፍያው ግልቢያው ራሱ ነው። በጉራጌ ደግሞ ከዚህ ጋር የሚስማማ ሌላ ልማድ ነበር፤ ብዙ ከብት ያለው ሰው ከመንጋው ከፍሎ ከብት ለሌለው ዘመዱ ወይም ወዳጁ ያሳድራል፤ ተቀባዩም ወተቱን ይጠጣል፣ እበቱን ለእንሰቱ ያደርጋል፣ ከብቱ ግን የባለቤቱ እንደ ሆነ ይቆያል። አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባሕል ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ የከብት መደጋገፍ በሰፊው ጽፏል። እንግዲህ ባለጠጋና ድኃ በአንድ እንስሳ ላይ የየራሳቸው ድርሻ ኖሯቸው መኖር ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ወደ ፊትም ለድኃ ልጅ ፈረስ ለመስጠት የሚያስብ ሰው ከዚህ ልማድ የሚማረው ብዙ ነገር አለ።

የአገራችን የፈረስ ዕቃም ለድኃ ልጅ የተሠራ ይመስላል። ጥንታዊው እርካብ እንደ አውሮጳው ጫማ ያደረገ እግር ሙሉውን የሚገባበት አይደለም፤ ጠባብ የብረት ቀለበት ሆኖ የእግር አውራ ጣት ብቻ፣ ወይም አውራ ጣትና ቀጥሎ ያለው ጣት የሚቆነጥጡት ነው፤ ስለዚህ ጋላቢው ባዶ እግሩን ይቀመጣል፤ በጣቱ ቆንጥጦ በጭኑ ኮርቻውን አጥብቆ ይይዛል፤ ፈረሱ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳም ወደ ሽምጥ ሲሸጋገር መላ ሰውነቱ በዚያች አንዲት ጣት ላይ ተመዝኖ ይታያል። ልጓሙ ደግሞ የፈረሱን የታችኛ መንጋጋ የሚከብ ቀለበት ያለው ጽኑ ብረት ነው፤ እጀ ሻካራ ጋላቢ ዛቡን በኃይል ከጎተተ የፈረሱ አፍ ይደማል፤ ስለዚህ ከልጁ የሚፈለገው የመጀመሪያ ትምህርት የእጅ ልስላሴ ነው። ይህን ትምህርት ከቀሰመ በኋላ ጉግስ ይጫወታል። ሁለት ወገን ፈረሰኛ ይሰለፋል፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው እየተከተለ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው በግልቢያ ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። ለዚህ ጨዋታ ወርዱ የሰፋ፣ ሣሩ የተጋጠ፣ ድንጋይና ጕድጓድ የሌለበት ሜዳ ያስፈልጋል፤ ይህም ጀፎረው ነው።

ስለ ኮርቻውና ስለ ልጓሙ ከተነገረ ዘንድ፣ የሠሯቸውን ሰዎች ሳያነሡ ማለፍ ታላቅ በደል ነው። በጉራጌ ምድር እንጨት የሚጠርበው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ወገን ለብዙ መቶ ዓመት በንቀት ስም እየተጠራ፣ ከመሬት ባለቤትነትና ከጋብቻ ተለይቶ ኖሯል። የባላባቱን ትልቅ ቤት ምሰሶ የሚያቆመው እርሱ ነው፤ ኮርቻውን የሚጠርበው፣ ጠፍሩን የሚያለፋው፣ የእርካቡን ቀለበት የሚያሞቀውና የሚቀጠቅጠው እርሱ ነው፤ ነገር ግን በመስቀል ሰሞን ያ ኮርቻ ተጭኖ፣ ግላስ ተነጥፎ፣ ፈረሰኛው በጀፎረው ላይ ሲያልፍ የእርሱ ልጅ ከዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ይህን የምጽፈው አበውን ለመክሰስ አይደለም፤ ጀፎረው የሁሉ ነው ተብሎ የተሰጠው ቃል በእነዚህ ልጆች ዘንድ ሳይፈጸም የቀረ መሆኑ እውነት ስለ ሆነና ስለሚያሳዝነኝ ነው። ዛሬ ለተቸገሩ የገጠር ልጆች ግልቢያ እናስተምር የሚል ሰው ቢነሣ፣ የጀማሪዎቹ ስም ዝርዝር ከእነዚህ ቤቶች መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጀፎረው በሃይማኖት በኩል ግን ለሁሉ ክፍት ነበር። በምሁር ኢየሱስ ገዳም አካባቢ ያለው ምእመን በመስቀልና በጥምቀት ፈረሱን ሲያስጌጥ፣ ወደ አብረት ሼኽ ለዚያራ የሚጓዘው ሙስሊም ወንድሙም በበቅሎና በፈረስ ያንኑ መንገድ ይረግጥ ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ሥዕሎች፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ተቀምጠው ሲታዩ፣ ለመንደሩ ልጅ ፈረሰኛ መሆን ከክብር በላይ የቅድስና መልክ እንዲኖረው አድርገዋል። በትልቅ ሰው ልቅሶ ደግሞ ፈረሰኞች በጀፎረው ላይ እየጋለቡ ሐዘናቸውን ይገልጡ ነበር፤ በሸዋ መኳንንት ዘንድም የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ በለቀስተኛው ፊት ይመራ እንደ ነበር ይታወቃል። በክስታኔ መስቀል ካለፈ በኋላ ወጣቶች በሚሰበሰቡበት በአዳብና ጨዋታ ኮበሌና ልጃገረድ ይተያያሉ፤ ግልቢያ የሚችል ኮበሌም የሚታይበት ሰሞን ይህ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የጉራጌ ወጣት ዕጣ በሌላ መንገድ ሄደ። በእግሩ አዋሽን እየተሻገረ ወደ ከተማ ገባ፤ ተሸካሚ ሆነ፣ ጫማ ጠራጊ ሆነ፣ ቸርቻሪ ሆነ፣ በመርካቶም ነጋዴ ሆነ። ሊስትሮ ሆኖ ሣጥኑን አንግቶ የሚዞረው ልጅ ከየት መጣህ ቢባል፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ከጉራጌ ገጠር የሚል እንደ ነበረ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህ ሕዝብ ግን አገሩን አልረሳም፤ በ1950ዎቹ የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበርን አቋቁሞ፣ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካን ከመሳሰሉ መሪዎች ጋር፣ በከተማ ያለው ተወላጅ በየነገዱና በየትውልድ ቀበሌው ተደራጅቶ እንደ ዐቅሙ የተመደበበትን ገንዘብ እያዋጣ፣ በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን መንገድ አሠራ። ፈቃዱ ገዳሙ ስለዚሁ ማኅበር ለለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1972 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ድርሰት አሠራሩን በዝርዝር መርምሮታል። ጫማ ጠራጊው ሳይቀር ለመንገድ ገንዘብ ያዋጣ ነበር። ስለ ገንዘብ ምንጭ የሚጨነቅ ሰው ካለ፣ በዚህች አገር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የት እንደሚያገኝ አላውቅም፤ የእቁብና የእድር ሥርዐት ከዕለት ጉርስ ተርፎ ተራራ የሚቈርጥ መንገድ ማውጣት ከቻለ፣ ለጥቂት ደርዘን ኮርቻና ለአንድ የፈረስ ሐኪም ደመወዝ ያንሳል ብሎ የሚከራከር የለም።

መንገዱ በገባ ጊዜ ግን ፈረሱ ሥራ ለወጠ። መኪና ከአዲስ አበባ እስከ ቡታጅራ ሲደርስ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ሰፈርና እስከ ገበያ ያለውን ቀሪ መንገድ ለብዙ ዘመን ያዳረሰው ጋሪ ነው። የገጠር ልጅ በጀፎረው ላይ የጋለበውን ፈረስ ወይም የዚያን ፈረስ ውላጅ ወደ ከተማ አውርዶ ጋሪ አሰረበት። ጋሪ ነጂነት የብዙ ድኃ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኖ ስለ ኖረ በንቀት ልናየው አይገባም፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ በአስፋልት ላይ የሚጎተተው ፈረስ ቀንበሩ ያወጣበት የትከሻው ቁስል ሳይደርቅ በማግሥቱ እንደገና ይጫንበታል፤ ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ ከከተማ ዳር ተለቅቆ ለጅብ ሲተው በብዙ የአገራችን ከተሞች የሚታይ ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪውም እየተገፋ ሄዷል። በአገሪቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚደርስ ፈረስ አለ ሲባል፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሰው የሚቀመጥባቸው ሳይሆኑ ዕቃ የሚሸከሙና ጋሪ የሚጎትቱ ናቸው።

ጀፎረውም እንዲሁ ተጎዳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላ፣ ጥንት በሽማግሌ ቃል ተጠብቆ የኖረው ሜዳ በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ እጅ ገባ። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ለመሥራት ባዶ ቦታ ሲፈለግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ጀፎረው ነው፤ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው መሬት ሲጠይቁም የሚጠቆመው እርሱ ነው፤ ዳር ለዳር የሚተከለው ባሕር ዛፍም በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገፋል። እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ እውነተኛ ነው፤ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ የማይፈልግ መንደር የለም። ነገር ግን በተለያየ ጊዜ የተወሰደው ትንሽ ትንሽ ሲደመር፣ ፈረስ ሽምጥ የሚጋልብበት ርዝመት ይጠፋል፤ ሦስት መቶ እርምጃ ሄዶ አጥር የሚገጥመው ፈረስ ጉግስ አይጫወትም።

ወደ ሌላው ዓለም ዓይናችንን ብናነሣ፣ የግልቢያን ጥቅም ለተቸገረ ሰው ማካፈል በሌሎች አገሮች ሥርዐት ይዞ የቆመ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርተል በፖሊዮ ሕመም እግሮቿ ደክመው ሳለ በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳሊያ ካገኘች ወዲህ፣ ለአካል ጉዳተኞች ግልቢያን የሚያስተምሩ ማኅበሮች በየአገሩ በዝተዋል። በለንደን ብሪክስተን በ1996 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኤቦኒ የፈረስ ክበብ በድኃ ሰፈር የሚያድጉ ልጆችን ያስተምራል፤ ከዚሁ ክበብ የወጣችው ኻዲጃ መላህ በ2019 እ.ኤ.አ. ሒጃቧን እንደ ለበሰች በጉድውድ የፈረስ እሽቅድምድም አሸንፋለች። ይህን ለቡታጅራ ልጃገረዶች መንገር ያስደስተኛል፤ በአገራችን ሴት በበቅሎ እንጂ በፈረስ አትታይም የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ የሚከለክላቸው ሊሆን አይገባምና። ለሚሠሩ ፈረሶችና አህዮች ሕክምና ደግሞ ዶረቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት በ1934 እ.ኤ.አ. በካይሮ የመሠረተችው ድርጅት በስሟ ብሩክ ተብሎ ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል።

ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ ግን በአገራችን ውስጥ ያለው ነው። በአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላቱም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ተሰብስበው በፈረሶቻቸው ላይ ያከብሩታል። ይህ ማኅበር ከውጭ በተላከ ገንዘብ አልቆመም፤ አባሉ እንደ እድር ይረዳዳል፣ ሲሞት በፈረሰኛ ሥርዐት ይሸኛል፣ ፈረሱም ለአገር ነፃነት ስለ ዋለው ውለታ ይመሰገናል። ፈረስ ማሳደር ክብር ሆኖ ስለ ቀረ፣ በዚያ አገር ወጣቱ ፈረስ የሚገዛው ለጋሪ ብሎ ብቻ አይደለም። የአገው ገበሬ ከጉራጌ ገበሬ አይበለጥግም፤ የሚለየው ማኅበሩን ሳይበትን መቆየቱ ነው።

እንግዲህ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ዙሪያ ገጠር ልጆች የሚሰጥ ገንዘብ ቢኖር፣ ፈረስ ገዝቶ ለየድኃው ቤት ማደል ከሁሉ የሚቀል፣ ግን ከሁሉ ፈጥኖ የሚጠፋ ስጦታ ይመስለኛል፤ ፈረስ ይበላል፣ ይታመማል፤ ድኃው ቤት የክረምቱን ራብ ሊሻገር ሲል ፈረሱን ለጋሪ ነጂ ይሸጠዋል፤ ይህንም ስላደረገ ማንም አይወቅሰው። በዚያ ፈንታ ፈረሱ የማኅበር ሆኖ፣ ከብት እንደሚያሳድሩት ሁሉ በተመረጠ አንድ ቤት ቢያድር፣ የሚያሳድረው ቤት ፋንድያውንና የመኖ ድጋፉን ቢያገኝ፣ ልጆቹም በየተራ ቢጋልቡ፣ የአገሩን ልማድ ተከትሎ ይጸናል። ኮርቻውንና ልጓሙን ከአዲስ አበባ ገበያ ማምጣት አያስፈልግም፤ ጠራቢውና ቆዳ ሠሪው በዚያው መንደር ስላለ፣ ዋጋው ለእርሱ ይከፈል፣ ልጁም ከጋላቢዎቹ ጋር ይመዝገብ። በጉብርየ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ምሁራንም ስለ መኖውና ስለ አረባቡ ሊመክሩ ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የየመንደሩ ጀፎረ ወሰኑ ተለክቶ፣ ሽማግሌዎቹ በተገኙበት ምልክት ተተክሎበት፣ በወረዳው መዝገብ የጋራ ሜዳ ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ይህ ሥራ የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ከጀፎረው ዳር ዛፍ የተከለው ሰው ጎረቤት ነው፣ አጥሩን ያወጣውም ዘመድ ነው። በየዓመቱ ለመስቀል ከመርካቶና ከየከተማው ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚገቡት ነጋዴዎች በሽማግሌዎቹ ፊት ተሰብስበው ይህን ጉዳይ ሊነጋገሩበት የሚችሉበት ጊዜ ያው የመስከረም አጋማሽ ነው፤ አባቶቻቸው ስለ ዓለም ገናው መንገድ መዋጮ ሲመክሩ የኖሩትም ይህን በመሰለ የወገን ጉባኤ ነበር።